ልጆቻችንን በስማቸው የሚጠራቸው ማን ነው?

ስለ ልጆች የቴሌቪዥን ክፍለ ጊዜያት ለወላጆችና ለካቴኪስቶች የተዘጋጀ ትምህርት

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. መግቢያ



እሑድ ዲሴምበር 12 ቀን 1993 ከሰዓት በኋላ የሀንጋሪ ልጆች እንደ ልማዳቸው በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ነበር። በሀገሪቱ የመንግሥት ጣቢያ በየሳምንቱ እሑድ በዋልት ዲዝኒ ስም የሚቀርብ የልጆች ክፍለ ጊዜ ነበረና፣ ስለ አንድ ባለጠጋ ዳክዬና አብረውት ስለሚኖሩ ትንንሽ ዘመዶቹ የሚተርከውን ካርቱን ይመለከቱ ነበር። ታሪኩ ገና ሳያልቅ ሥዕሉ በድንገት ተቋረጠ፤ በምትኩም የኀዘን ሙዚቃ ተሰማ። በኋላም የሀገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ዮዜፍ አንታል ማረፋቸው ተነገረ። ከልጆቹ ብዙዎቹ የሞቱት ሰው ማን እንደ ሆኑ በውል አያውቁም ነበር፤ የተቋረጠባቸውን ታሪክ ግን አልረሱም። በዚያ ዘመን ልጆች የነበሩት ሀንጋሪያውያን ዛሬ ጎልማሶች ሲሆኑ፣ ትውልዳቸው በዚያ ካርቱን ስም እስከ መጠራት ደርሷል።

አንድ ትውልድ በጦርነት ወይም በረኃብ ዘመን ስም ሲጠራ ሰምተናል። በልጆች የቴሌቪዥን ሰዓት ሲጠራ ግን ቆም ብለን ልናስብበት ይገባል።

እኛም በየቁምስናው ለልጆች ትምህርተ ክርስቶስ ስንሰጥ ከዚህ የሚመሳሰል ነገር ያጋጥመናል። የ12ቱን ሐዋርያት ስም ጥሩ ስንላቸው አምስት ወይም ስድስት ላይ የሚቆሙ ልጆች፣ የካርቱን ባለታሪኮችን ግን ከነጠባያቸውና ከነልብሳቸው ቀለም አንድ ሳያስቀሩ ይዘረዝሩልናል። ቀድሞ ልጆቹን እንገሥጽ ነበር። ነገሩን ስንመረምረው ግን ተግሣጹ ወደ እኛ ተመለሰ። ካርቱኑን ያስተማራቸው በየቀኑ፣ ሰዓቱን ሳያዛንፍ ይመጣ ነበር፤ እኛ ግን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ያውም አንዳንድ ጊዜ ዘግይተን እንደርሳለን። በዚህ ምክንያት ስለ ልጆች የቴሌቪዥን ክፍለ ጊዜያት ምንነት፣ ታሪክና አሠራር በዚህ እትም ጥቂት ለማስረዳት ወደድን።

2. ባለ ስም ክፍለ ጊዜ ምንድን ነው?

ለሕዝብ ሁሉ የሚያሰራጭ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ዜናም፣ ድራማም፣ ኳስም ያሳያል። ከዚህ ሁሉ መካከል ጥቂት ሰዓቶችን ለልጆች ለይቶ፣ የራሳቸውን ስም፣ ምልክት፣ መዝሙርና አቅራቢ ሲሰጣቸው ባለ ስም ክፍለ ጊዜ ይሆናል። በውስጡ የሚታዩት ፕሮግራሞች እንደ እንግዳ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ ስሙ ግን እንደ ቤቱ ባለቤት ይቀመጣል።

የዚህ አሠራር ኃይል ያለውም በስሙ ላይ ነው። ልጁ ፕሮግራሙን ከመመዘኑ በፊት ስሙን ያምናል። እናትም «የልጆቹ ሰዓት ደርሷል» ብላ ልጇን አስቀምጣ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። የሚታየውን አስቀድማ መርምራ አይደለም፤ ስሙን አምና ነው። እንግዲህ ስሙ ሞግዚት ሆነ ማለት ነው። ሞግዚትን ቤቱ የሚያስገባ ሰው ደግሞ ከየት እንደ መጣና ማን እንደሚከፍለው መጠየቅ ይገባዋል።

ጌታችን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ላይ ስለ መልካሙ እረኛ ሲያስተምር እረኛው በጎቹን በየስማቸው እንደሚጠራ፣ እነርሱም ድምፁን እንደሚያውቁ ገልጿል። ከእርሱ ጋር ያነጻጸረው ደግሞ በደመወዝ የሚጠብቀውን ምንደኛ ነው። ምንደኛው ተኩላ አይደለም፤ ጥቂት ጊዜም በደንብ ሊጠብቅ ይችላል። ነገር ግን በጎቹ የእርሱ አይደሉምና ደመወዙ ሲቋረጥ ወይም አደጋ ሲመጣ ይሄዳል። ይህን መለኪያ ይዘን ወደ ታሪኩ እንለፍ።

3. አጀማመሩና መስፋፋቱ

በ1950ዎቹ ዓመታት ዋልት ዲዝኒ በካሊፎርኒያ ትልቅ የመዝናኛ ስፍራ ለመሥራት ገንዘብ ይፈልግ ነበር፤ ኤቢሲ የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድርጅት ደግሞ ተመልካች ይፈልግ ነበር። ሁለቱ ተስማሙ። ኤቢሲ ለመዝናኛው ስፍራ ገንዘብ አዋጣ፤ ዲዝኒም ከኦክቶበር 1954 ጀምሮ ሳምንታዊ ፕሮግራም አቀረበ። ስፍራው በጁላይ 1955 ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 3 ቀን «ሚኪ ማውስ ክለብ» ተጀመረ፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚታይ ነበር። «ክለብ» የሚለውን ቃል ልብ እንበል። ልጁ ተመልካች ብቻ ሳይሆን አባል ነህ ተባለ።

በዚሁ ክፍለ ጊዜ ማስታወቂያ ለማስነገር፣ ያን ጊዜ ገና ትንሽ የነበረው ማቴል የተባለው የመጫወቻ ኩባንያ ለአንድ ዓመት 500,000 ዶላር ያህል ሊከፍል ተዋዋለ፤ ይህም ኩባንያው በጠቅላላው ካለው ሀብት ጋር የሚተካከል ነበር። እስከዚያ ድረስ መጫወቻ የሚተዋወቀው በአብዛኛው የልደት በዓል በተቃረበባቸው ሳምንታት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ዓመቱን ሙሉ ሆነ። የልጅ ምኞት የበዓል ቀጠሮውን አጣ።

በእንግሊዝ አይ ቲቪ «ችልድረንስ አይ ቲቪ» የተባለውን ክፍለ ጊዜ በጃንዋሪ 3 ቀን 1983 ጀመረ። ቢቢሲም በሴፕቴምበር 9 ቀን 1985 «ችልድረንስ ቢቢሲ» በሚል ስም፣ በአንዲት ጠባብ የማሰራጫ ክፍል ተቀምጦ ልጆቹን በቀጥታ የሚያነጋግር አቅራቢ አቆመ። ክፍሏ ከጥበቷ የተነሣ በመጥረጊያ ማስቀመጫ ስም ትጠራ ነበር። በፈረንሳይ «ክለብ ዶሮቴ» ከ1987 እስከ 1997 ድረስ የብዙ ልጆችን ቀን ያዘ። የዲዝኒ ክለብም በ1989 በእንግሊዝ፣ በ1990 በፈረንሳይ፣ በ1991 በጀርመንና በኢጣሊያ ጣቢያዎች ገባ። የኮሙኒስት መንግሥታት ከወደቁ በኋላም፣ በመግቢያችን እንዳየነው፣ ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ተሻገረ። በአሜሪካ ፎክስ ኪድስ በ1990፣ ኪድስ ደብልዩ ቢ በ1995 ተከተሉ። በብራዚልም ኤስ ቤ ቴ በተባለው ጣቢያ በ1993 የተጀመረው የጠዋት የልጆች ክፍለ ጊዜ እስከ 2022 ቆይቷል።

በሀገራችንም የልጆች ጊዜ ነበረ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከተጀመረበት ከ1964 አንሥቶ እስከ 2006 ድረስ፣ ለ42 ዓመታት ያህል፣ ተስፋዬ ሣህሉ «አባባ ተስፋዬ» ተብለው ለልጆች ተረት ሲነግሩ ኖረዋል። የዚያ ክፍለ ጊዜ መለያ የአንድ ኩባንያ ምልክት ሳይሆን የአንድ አባት ፊትና ድምፅ ነበር። ልጆቹም «አባባ» ብለው ጠሯቸው። በዚሁ በ2006 «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የአማርኛ ፕሮግራም በአንዲት የቀጭኔ አሻንጉሊት አማካይነት ፊደልን፣ ንጽሕናንና መልካም ጠባይን ማስተማር ጀመረ። እንግዲህ መሣሪያው በራሱ ክፉ አለመሆኑን ከገዛ ቤታችን ምሳሌ እናውቃለን።

4. የምንደኛው ከፋይ ማን ነው?

የክፍለ ጊዜውን ጠባይ የሚወስነው ከሁሉ በላይ የገንዘቡ ምንጭ ነው። ቢቢሲ ሕዝቡ በሚከፍለው የቴሌቪዥን ፈቃድ ገንዘብ ስለሚተዳደር በእንግሊዝ ስርጭቱ ማስታወቂያ አያሰማም። ከ1958 ጀምሮ በሚታየው «ብሉ ፒተር» በተባለው ፕሮግራሙም ልጆች ለችግረኞች የሚረዳ ያገለገለ ቴምብርና የመሳሰለውን ቁሳቁስ እንዲሰበስቡ ይጠየቁ ነበር፤ ከወላጆቻቸው ኪስ ገንዘብ እንዲያመጡ አይደለም። የድኻውም የሀብታሙም ልጅ እኩል መስጠት ይችል ነበር።

በንግድ ጣቢያዎች ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በአሜሪካ የመንግሥቱ የመገናኛ ኮሚሽን በ1984 የማስታወቂያን ጊዜ የሚወስኑ መመሪያዎቹን አነሣ። በእነዚያ ዓመታት አስቀድሞ መጫወቻው ተሠርቶ፣ ታሪኩ ከኋላ የሚጻፍለት ካርቱን በዛ፤ በ1983 የጀመረው «ሂ ማን» ከማቴል መጫወቻ የተወለደ ነው። በታሪኩና በማስታወቂያው መካከል የነበረው ግድግዳ ፈረሰ፤ ታሪኩ ራሱ ማስታወቂያ ሆነ። ምክር ቤቱ በ1990 ባወጣው ሕግ በልጆች ሰዓት የሚገባው ማስታወቂያ ቅዳሜና እሑድ በየሰዓቱ ከ10 ደቂቃ ተኩል፣ በሌሎቹ ቀናት ከ12 ደቂቃ እንዳይበልጥ ተወሰነ። በ1996ም ጣቢያዎች በሳምንት 3 ሰዓት ያህል ትምህርታዊ ፕሮግራም ለልጆች እንዲያሳዩ የሚያስገድድ መመሪያ ወጣ።

በ2002 ደግሞ የፎክስ ኪድስ ዘመን ሲያበቃ፣ ፎክስ የቅዳሜ ጠዋት ሰዓቶቹን ፎር ኪድስ ለተባለ ኩባንያ አከራየ። ይህ ኩባንያ ይበልጥ የሚታወቀው የካርቱን ባለታሪኮች ምስል በልብስ፣ በደብተርና በመጫወቻ ላይ እንዲወጣ ፈቃድ በመሸጥ ነበር። የልጆቹን ሰዓት የሚከራየውና የሚወዱትን ምስል የሚያከራየው አንድ ሆኑ። እዚህ ላይ ልጁ በእውነት የተጠራው እንዲደሰት ነው ወይስ እንዲገዛ? ብለን ብንጠይቅ ስሕተት አይሆንብንም።

አንዳንድ ሀገሮች ጠንከር ያለ እርምጃ ወስደዋል። በካናዳ የኬቤክ ክፍለ ሀገር በ1980 ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚነገር የንግድ ማስታወቂያን ከለከለ፤ የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1989 ሕጉን አጸናው። ስዊድንም ከ12 ዓመት በታች ላሉት የታለመ የቴሌቪዥን ማስታወቂያን ከልክላለች። ይሁን እንጂ ሕግ ብቻውን ሁሉን አያቃናም። ማስታወቂያው ሲቀር የሚከፍለውም ይቀራልና፣ በእሱ ፈንታ የሚከፍል ካልተገኘ ለልጆች የሚሠራው መልካም ሥራም አብሮ ይቀንሳል። ልጆች መልካም ነገር እንዲያዩ የሚፈልግ ኅብረተሰብ ዋጋውን ራሱ ለመሸከም መዘጋጀት አለበት። ይህ ለቴሌቪዥን ብቻ ሳይሆን ለቁምስናችን የልጆች ትምህርትም የሚሠራ እውነት ነው።

5. ቤተ ክርስቲያን ምን ታስተምራለች?

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ቴሌቪዥንን ከመጀመሪያው ጀምሮ በጥላቻ አልተመለከተችውም። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ በ1957 ስለ ሲኒማ፣ ስለ ሬድዮና ስለ ቴሌቪዥን ሐዋርያዊ መልእክት ጽፈዋል። 2ኛው የቫቲካን ጉባኤም በዲሴምበር 4 ቀን 1963 «ኢንተር ሚሪፊካ» በተሰኘው ድንጋጌው እነዚህን መሣሪያዎች ከድንቅ የሰው ልጅ ግኝቶች መካከል ቆጥሮ፣ ወጣቶች በልክ እንዲጠቀሙባቸው፣ ወላጆችም ለእምነትና ለመልካም ጠባይ የሚጎዳው ከቤታቸው እንዳይገባ እንዲጠነቀቁ አሳስቧል።

በየዓመቱ ከሚከበረው የማኅበራዊ መገናኛ ቀን መልእክቶች መካከልም የ1979ኙ ለሕፃናት ጥበቃ፣ የ1994ቱ ለቴሌቪዥንና ለቤተ ሰብ፣ የ2007ቱም ለሕፃናትና ለመገናኛ ብዙኃን የተሰጡ ነበሩ። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1994ቱ መልእክታቸው፣ ቴሌቪዥንን ዘወትር በሞግዚት ፈንታ የሚያስቀምጡ ወላጆች የመጀመሪያ አስተማሪነት ድርሻቸውን አሳልፈው እንደሚሰጡ አስጠንቅቀዋል። በነዲክቶስ 16ኛ ደግሞ በ2007ቱ መልእክታቸው ልጅ መልካሙን ከክፉው እንዲለይ የሚረዳው ክልከላ ብቻ ሳይሆን ከውበት ጋር መገናኘት፣ ማለትም ከመልካም ሥነ ጽሑፍ፣ ከሥነ ጥበብና ከሙዚቃ ጋር መተዋወቅ እንደ ሆነ አስተምረዋል። የማኅበራዊ መገናኛ ጳጳሳዊ ምክር ቤትም በ1997 ስለ ማስታወቂያ ሥነ ምግባር ባወጣው ሰነድ፣ ለልጆች የሚነገር ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የዋህነታቸውን መሣሪያ አድርጎ ወላጆቻቸውን እንዲያስገድዱ እንደሚገፋፋ ገልጾ ነቅፏል።

የእነዚህ ትምህርቶች መሠረት በቅዱስ ወንጌል ይገኛል። ደቀ መዛሙርቱ ሕፃናትን ሲከለክሏቸው ጌታችን ተቆጥቶ ወደ እርሱ እንዲመጡ አደረገ፤ አቀፋቸው፣ እጁንም ጭኖ ባረካቸው (ማር. 10፡13-16)። ከእነርሱ የሚወስደው ነገር አልነበረም፤ ሰጣቸው እንጂ። ልጅን የሚጠራ ድምፅ ሁሉ በዚህ ይመዘናል፦ የሚጠራው ሊሰጠው ነው ወይስ ሊወስድበት?

6. ዘመኑ ሲያልፍ ምን ጎደለ?

ዛሬ ይህ አሠራር በብዙ ሀገሮች ተዳክሟል። ቀኑን ሙሉ ለልጆች ብቻ የሚያሰራጩ ጣቢያዎች በዙ፤ ኢንተርኔትና ተንቀሳቃሽ ስልክም ተከተሉ። ቢቢሲ በዋናው ጣቢያው የነበረውን የልጆች ክፍለ ጊዜ በ2012 መጨረሻ አቁሞ ለልጆች ወደ ተለዩት ጣቢያዎቹ አዛወረው። በአሜሪካም ሲ ደብልዩ የተባለው ጣቢያ የቅዳሜ ጠዋት የካርቱን ክፍለ ጊዜውን በሴፕቴምበር 27 ቀን 2014 ሲዘጋ፣ የረጅም ዘመን ልማድ እንዳበቃ ተቆጠረ። በሀገራችንም ሳህን አንቴና በየጣራው ከተተከለ ወዲህ የልጆች ጣቢያ ሌሊትና ቀን አይዘጋም፤ ስልኩም በሕፃኑ እጅ ነው።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ ሆነን መናገር አለብን። ያ የቀድሞው ክፍለ ጊዜ ምንደኛ ቢሆንም ሦስት መልካም ነገሮች ነበሩት። አንደኛ፣ ሰዓት ነበረው፤ ልጁ ይጠብቀው ነበር፣ መጠበቅንም ይማር ነበር። ሁለተኛ፣ ፊት ነበረው፤ የሚታወቅ አቅራቢ ለልጁ ሰላምታ ይሰጥ ነበር። ሦስተኛ፣ ፍጻሜ ነበረው፤ «ለዛሬ በቃን» ይባልና ዜና ይተካ ነበር፤ ልጁም ተነሥቶ ወደ ጨዋታው ወይም ወደ ጥናቱ ይሄድ ነበር። ስልኩ ግን ሰዓት የለውም፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ራሱ ያቀርባል፤ «በቃ» የሚል ቃልም ከእርሱ አይወጣም። ምንደኛው እንኳ ማታ በረቱን ይዘጋ ነበር፤ ዛሬ የሚዘጋው ጠፍቷል።

እንግዲህ ይህን ጉድለት የሚሞላው ማን ነው? ሰዓት፣ ፊትና ፍጻሜ ከእንግዲህ ከቤተ ሰብና ከቁምስና ካልተገኙ ከሌላ ከየትም አይገኙም።

7. ምን እናድርግ?

ለወላጆች፦

ሀ) ሰዓት እንወስን። ልጆች ቴሌቪዥንም ሆነ ስልክ የሚያዩበት ጊዜ የታወቀ ይሁን፤ ሲያልቅም ይዘጋ። ሰዓቱን ለልጆች ወስነን እኛ ራሳችን ስልካችንን ይዘን ብናመሽ ግን ትምህርታችን ከንቱ ይሆናል።

ለ) አብረን እንቀመጥ። ሁልጊዜ ባይቻል እንኳ በሳምንት አንድ ቀን አብረን አይተን «ይህ ታሪክ ምን ሊያስተምርህ ፈለገ? ምንስ ሊሸጥልህ ፈለገ?» ብለን እንጠይቅ። ልጆች ከምንገምተው በላይ ያስተውላሉ።

ሐ) በራሳችን አፍ እንናገር። በዘዳግም ምዕራፍ 6 የእግዚአብሔርን ቃል ለልጆች ስናስተምር በቤት ስንቀመጥ፣ በመንገድም ስንሄድ፣ ስንተኛና ስንነሣ እንድናወራው ታዘናል። ይህ ከማንኛውም ጣቢያ የሚበልጥ የልጆች ጊዜ ነው። ከጸሎት በፊት አሥር ደቂቃ ተረት ወይም የቅዱሳን ታሪክ የምትነግር አያት ያለችበት ቤት ብዙ አልጎደለበትም።

ለካቴኪስቶች፦

ሀ) ሰዓታችንን እናክብር። ልጆች መጥተው በር ተዘግቶ ካገኙት፣ የማይዘጋ በር ወዳለው ይሄዳሉ።

ለ) ልጆቹን በስማቸው እንወቅ። ቴሌቪዥን «ልጆች» ብሎ ለብዙ ሺህ በአንድነት ይናገራል፤ «ማርታ፣ ባለፈው ሳምንት ታምመሽ ነበር፤ አሁን ተሻለሽ?» ማለት ግን አይችልም። ይህ ለእኛ ብቻ የተሰጠ ጸጋ ነው።

ሐ) የሚወዱትን አንናቅ። የሚያውቁትን ታሪክ መነሻ አድርገን ስለ ወዳጅነት፣ ስለ ድፍረት፣ ስለ ይቅርታ ብንጠይቃቸው ወደ ወንጌል የሚያደርስ መንገድ እናገኛለን።

8. የመወያያ ጥያቄዎች

1ኛ. በቤታችሁ ልጆች ከማንም በላይ የሚያዳምጡት ድምፅ የማን ነው? ለምን?

2ኛ. ልጃችሁ ዛሬ ያየውን ፕሮግራም ስም፣ የሚያቀርበውንና የሚከፍለውን ታውቃላችሁ?

3ኛ. በቁምስናችሁ ለልጆች የተለየ ሰዓት፣ የሚያውቁት መምህርና የታወቀ ማብቂያ ያለው መርሐ ግብር አለ? ከሌለስ ምን ይጎድለዋል?

9. ማጠቃለያ

ቅድስት ክላራ በልደት ሌሊት ታምማ ከአልጋዋ መነሣት ባልቻለች ጊዜ፣ በሌላ ስፍራ የሚደረገውን ቅዳሴ ባለችበት ሆና እንዳየችና እንደ ሰማች ይተረካል። ስለዚህ ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ በ1958 የቴሌቪዥን ጠባቂ ቅድስት አድርገው ሰይመዋታል። የዚህ መሣሪያ እውነተኛ ጥቅም በዚህ ታሪክ ተመልክቷል፦ የሩቁን ማቅረብ፣ የታመመውን መጎብኘት፣ ብቸኛውን ማጽናናት። የቅርቡን ሲያርቅ ግን፣ ልጅን ከአባቱና ከእናቱ ሲለይ፣ ከተሰጠው ሥራ ወጥቷል።

ውድ ምእመናን፣ የሀንጋሪ ልጆች ታሪካቸው የተቋረጠበትን ያን እሑድ እስከ ዛሬ ያስታውሳሉ። የእኛ ልጆችስ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ምን ያስታውሱ ይሆን? በአንድ የታወቀ ሰዓት፣ አንድ የሚያውቁት ሰው በስማቸው ጠርቶ ስለ እግዚአብሔር ያወራላቸው እንደ ነበር እንዲያስታውሱ ዛሬ እንትጋ። መልካሙ እረኛ ለወላጆችና ለካቴኪስቶች ሁሉ ትዕግሥትንና ታማኝነትን ይስጥልን። አሜን።